አረንጓዴ ማለት ምን ማለት ነው

ሠላሳ ስድስተኛውን አስተያየት ዘግታ ወደ ሠላሳ ሰባተኛው ስታልፍ ከጎኗ ያስቀመጠችው ሻይ ቀዝቅዞ ነበር።

ቅዳሜ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዲሱን እትም እለቃለሁ ብላ ለዓለም ሁሉ ቃል ገብታለች። ዓለም ሁሉ ማለት እዚህ ላይ አራት መቶ ገደማ ሰው ነው። ከዚያ በፊት የተጠቃሚዎች አስተያየት የሚከማችበትን ገጽ ባዶ ማድረግ ፈልጋለች፤ እንግዳ ሊመጣ ሲል ቤት እንደሚጠረገው ማለት ነው። ጥራጊው የት እንደገባ እንግዳ አይጠይቅም።

ሶፍትዌሩ የራሷ የእጅ ሥራ ነው። ስሙን «ተራ አስከባሪ» ብላዋለች፤ ሥራውም እንደ ስሙ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሩ በየቀኑ አከታትሎ እንዲሠራቸው የሚፈልጋቸው ነገሮች አሉ፦ ይህን መዝገብ አምጣ፣ ከዚያኛው ጋር አመሳክር፣ ደብዳቤውን አዘጋጅ፣ ላክ። ተራ አስከባሪ እነዚህን ያሰልፋል፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እንዳይጋፋ ይጠብቃል፤ የተደናቀፈውን ሦስት ጊዜ ያስሞክራል። ሁሉም ሲያበቃ ስክሪኑ ላይ አንድ ክብ ምልክት ይወጣል፤ ሥራው ከሰመረ አረንጓዴ፣ ካልሰመረ ቀይ። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። የፈለገ በነጻ ይወስዳል፣ የፈለገ ያሻሽላል፣ የፈለገ ገጹ ላይ ገብቶ አስተያየቱን ይጽፋል። ከአስተያየቱ መካከል ምስጋና አለ፣ ጥያቄ አለ፣ ስድብም አለ። ስድቡን በቃሏ ትይዘዋለች።

ለተደጋጋሚ ጥያቄዎች ስድስት ዝግጁ መልሶች አሏት። ዛሬ አንደኛውንና ሦስተኛውን አሥር አሥር ጊዜ ለጥፋለች። ሠላሳ ሰባተኛው ግን አጻጻፉ አሳቃት። ሌሎቹ ፕሮግራመሮች ስለሆኑ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ወርውረው ነው የሚሄዱት፤ ይሄኛው ማመልከቻ ጽፏል። «ለክቡር ድርጅታችሁ» ብሎ ጀምሮ፣ «የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ» ብሎ ቀጥሎ፣ ከታች የሥራ መደቡን አስፍሯል፦ የሕክምና ላቦራቶሪ መዝጋቢ። ርዕሱ «አረንጓዴ ማለት ምን ማለት ነው?» ይላል። መሃሉን ሳታነብ ዓይኗ «ያልተሠራ» የሚለው ቃል ላይ አረፈና ነገሩ ገባት፤ ወይም የገባት መሰላት። አራተኛውን መልስ ለጠፈች፦ «ይህ ስህተት አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። እባክዎ የመመሪያውን ምዕራፍ ስድስት ይመልከቱ።» ዘጋችውና አለፈች።

የምትጣደፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአንድ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ሠርታለች። ተራ አስከባሪን የጻፈችው ከዚያ በሚተርፋት ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑዷን እየሰዋች ነው። አሁን አንድ ትልቅ የአውቶቡስ ድርጅት ሶፍትዌሩን ሁለት ወር ሞክሮ ወዶታል። ሌላውን ሁሉ ትታ በእሱ ላይ ብቻ እንድትሠራ ሊቀጥራት ነው፤ ሰኞ ይፈራረማሉ። የጠየቋት ነገር ቢኖር አዲሱ እትም ዛሬ እንዲወጣና ከሞከሩት እንዳይለይ ብቻ ነው። ይህን ሥራ በጣም ፈልጋዋለች። የምትወደውን ነገር እንደ ሰው በሥራ ሰዓት ተቀምጦ መሥራት ምን ምን እንደሚል እያሰበች ስንት ስብሰባ ላይ ሐሳቧ ጠፍቶ ተገኝቷል።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መዝጋቢው መለሰላት። ምዕራፍ ስድስትን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ አልገባኝም፤ ጉዳዩ የአሥራ አንድ ሰዎች ጉዳይ ስለሆነ ኃላፊያችሁ ቢደውሉልኝ ይላል። ስልክ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ጽፎታል፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው እንዲተካው ይመስላል።

ተነፈሰችና ወንበሯን ገፍታ ወደ ፊተኛው ክፍል ወጣች። ፊተኛው ክፍል በሩ ወደ መንገድ የሚከፈት የባሏ ልብስ ስፌት ነው። ባሏ አፉ ላይ ሦስት ስፒል ነክሶ የኮት እጅጌ ይገጥማል።

«ምን ያነጫንጭሻል፣ ችኩሌ?» አላት ስፒሎቹን ሳያወጣ። በዚህ ስም የሚጠራት እሱ ብቻ ነው።

«አንድ ሰውዬ ነው። ምዕራፍ ስድስትን አንብብ ብለው ሦስት ጊዜ አንብቤ አልገባኝም ይላል። ጭራሽ ደውሉልኝ ብሎ ስልኩን ጽፏል።»

«ታዲያ ደውዪለዋ።»

«አራት መቶ ሰው አለ። ለሁሉም ልደውል?»

«ሁሉም ስልኩን ጽፏል?»

ባሏ ስፒሎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ጨርቁ ላይ ሰካ።

«ትናንት ያን ግዙፍ ሰውዬ አይተሽዋል፤ ሱሪው ጠበበኝ ብሎ ሲያምባርቅብኝ የነበረውን። በሱ አልናደድም እኮ። ያልሆነውን ይዞ ከተመለሰ፣ አሁንም ልብስ ሰፊዬ አንተ ነህ እያለኝ ነው። የሚያሳስበኝ ሳይመለስ የሚቀረው ነው። እሱ የቱ ጋ እንደጠበበው መቼም አላውቅም።»

«ያንተ ደንበኛ ከፍሎ ነው የሚጮኸው። የኔዎቹ በነጻ ወስደው ነው የሚጨቀጭቁኝ።»

«በነጻ የወሰደ አይጠበውም?»

ተመልሳ ገባች። ለመገላገል ያህል ደወለች።

ስልኩ አንዴ ጠርቶ ሳይጨርስ ተነሳ። ድምፁ የሃምሳ፣ የሃምሳ አምስት ዓመት ሰው ይመስላል፤ የተራ አስከባሪ ድርጅት መሆኑን ጠየቃት። ድርጅት እንኳን አይደለም፣ ግን አዎ፣ አለችው።

«ስለደወሉልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ኃላፊውን ሊያገናኙኝ ይችላሉ?»

«ኃላፊዋ እኔ ነኝ።»

«እሺ። የቴክኒክ ክፍሉንስ?»

«እሱም እኔው ነኝ።»

«ምዕራፍ ስድስትን የጻፉትስ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«አይ እንግዲህ» አለ ሰውየው፤ ሊወቅሳት ሳይሆን ከልቡ አዝኖላት። «ብቻዎትን ነዎት ለካ።»

ይህን ሲላት ቁጣዋ ከየት እንደመጣ ሁሉ ወዴት እንደሄደም ጠፋት። ወንበሯ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው እንዲነግራት ጠየቀችው።

ሥራው በአንድ መካከለኛ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ነው። ተራ አስከባሪን የተከለላቸው ባለሙያ ሥራ ለቅቆ ከሄደ ቆይቷል። ሶፍትዌሩ የምርመራ ውጤቱን ከመሣሪያው ይወስዳል፣ እንዲያየው ለሐኪሙ ይልካል፣ ሐኪሙ ሲያጸድቅ ለታካሚው መልእክት ይልካል። መዝጋቢው ጠዋት ሲገባ ምልክቱን ያያል፤ አረንጓዴ ከሆነ የቀኑን መዝገብ ፋይል አድርጎ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ሠርቷል፤ ምልክቱ አንድ ቀን እንኳን ቀይ ሆኖ አያውቅም።

«በወሩ መጀመሪያ አንድ ቀን መስመር ተቋረጠብን» አለ። «መቋረጡን ሁላችንም እናውቃለን። ጠዋት ስገባ ግን አረንጓዴ ነው። አይ ጎበዝ፣ መስመር ጠፍቶም ይሠራል አልኩ። ለባልደረቦቼ ሁሉ አወራሁት።»

ያን ቀን የአሥራ አንድ ሰው ውጤት ለሐኪሙ ሳይደርስ ቀርቷል። አሥራ ዘጠኝ ቀን ማንም አላወቀም።

«አንዲት ሴትዮ ትመላለስ ነበር። ውጤቴ አልደረሰኝም አለችኝ። ስክሪኑን አዙሬ አሳየኋት፤ ይኸው እህቴ፣ አረንጓዴ ነው፣ አልቋል፣ ሐኪምሽ ጋ ነው አልኳት። ሐኪሟ ጋ ሄደች፤ አልመጣልኝም አላት። ተመልሳ መጣች። በሦስተኛው ተቆጣኋት። ሰው ፊት ነው የተቆጣኋት።»

ይቅርታ ልትለው አፏን ስትከፍት ቀደማት፤ ልከስም ልወቅስም አይደለም የደወልኩት አላት።

«አሁን የዛሬው አረንጓዴ ነው። የሰባ ሁለት ሰው ውጤት ነው። ልመነው ወይስ አልመነው? ይህን ብቻ ይንገሩኝ።»

በስልኩ መራችው። ይህን ይክፈቱ፣ ወደ ታች ይውረዱ፣ «ጓዳ» የሚል፣ ሳይሠሩ የታለፉ ሥራዎች የሚመዘገቡበት ፋይል አለ፤ እሱን ይክፈቱት። ሰውየው የምትለውን እየደገመ በቀስታ ሄደ። የዛሬው ጓዳ ባዶ ነበር፤ ሰባ ሁለቱም ደርሷቸዋል። ሁለቱም እፎይ አሉ። ያን ጊዜ ስለ ሴትዮዋ ጠየቀችው።

«የአሥሩ ደህና ነው። የሷ ደህና አይደለም። ሕክምናውን ትናንት ጀምራለች።»

«አሥራ ዘጠኙ ቀን…» ብላ መጨረስ አቃታት።

«ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። ላይለውጥ ይችላል፣ ሊለውጥም ይችላል አለኝ። አይታወቅም።»

ስልኩን ዘጉ።

ያ አረንጓዴ ከየት እንደመጣ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ኢንሹራንሱ መሥሪያ ቤት በገባች በአራተኛው ዓመት ነው። አለቃዋ ጠዋት ጠዋት ባለ አንድ ገጽ ሪፖርት ይዞ ፎቅ ይወጣል። ገጹ ላይ አንድ ቀይ ካለ ከላይ ያሉት ይጠሩታል፣ እሱ ወርዶ እነሱን ይጠራል፤ ማን ነው፣ ለምንድን ነው፣ ለምን አልተነገረኝም ሲባል ምሳ ሰዓት ይደርሳል። ክፉ ሰው አልነበረም። ሲቆጡት እንደ ተማሪ የሚደነግጥ፣ ወረቀቱን የያዘበት እጁ የሚርድ ሰው ነው። አንድ ቀን ለደንበኞች የሚላክ የልደት መልካም ምኞት ሳይሄድ ቀርቶ ገጹ ቀላ። ስለ ልደት መልካም ምኞት ሦስት ሰዓት ተሰበሰቡ። ክፍሉ ይገለገልበት በነበረው ተራ አስከባሪ ላይ ይህን ትእዛዝ የጻፈችው ያን ሳምንት ነው፦ ሦስት ጊዜ ተሞክሮ እምቢ ያለውን እለፈው፣ ጓዳ ውስጥ መዝግበው፣ ቀጥል፣ መጨረሻ ላይ አረንጓዴ አሳይ። በማግስቱ አለቃዋ ደረጃውን ሲወርድ እያፏጨ ነበር። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበላት።

እነሱ ዘንድ ጉዳት አልነበረውም፤ ነገሩ እዚያ ላይ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጠዋት ከሻዩ በፊት ጓዳውን ይከፍታል። አረንጓዴው ለፎቁ እንደሆነ፣ እውነቱ ጓዳ እንዳለ ማንም ለማንም አይነግርም፤ ይታወቃል። እሷም ሶፍትዌሩን ለዓለም ስትለቀው አረንጓዴውን ላከች፣ ልማዱን ግን ቢሮ ረሳችው። ምዕራፍ ስድስት ላይ «የታለፉ ሥራዎች ጓዳ ውስጥ ይገኛሉ» የሚል አንድ መስመር አለ። የጻፈችው ለሚያውቁ ሰዎች ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ አርባ አንድ ተጠቃሚዎች ይህን ባሕሪ ወደነዋል ብለው ጽፈውላታል፤ «አለቃዬ ተረጋጋልኝ፣ እድሜ ይስጥሽ» ያላትም አለ። ያን ጊዜ ደስ ብሏት ነበር።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ለአውቶቡስ ድርጅቱ ሰው ደወለች። የቴክኒክ ኃላፊያቸው ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ ተግባብተው አንተ አንቺ መባባል ጀምረዋል። ቅዳሜ ስላስቸገረችው ይቅርታ ጠይቃ የሆነውን ነገረችው። ሳያቋርጣት ሰማት፤ በእውነትም አዘነ።

«ግን አስቢው» አላት ቀጥሎ። «የኛ ሰዎች ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀይ አላዩም። ቦርዱን ያሳመንኩት በሱ ነው። ሰኞ ጠዋት ገጹ ቲማቲም መስሎ ቢያዩት ምን እላቸዋለሁ?»

«እና ምን ላድርግ?»

«ማብሪያ አድርጊለት። ቀዩን የፈለገ ያብራ፣ ያልፈለገ እንዳለ ይቀጥል። ላቦራቶሪውም ይድናል፣ እኛም እንፈርማለን። ማን ይጎዳል?»

እውነትም ማንም የሚጎዳ አልመስል አላት። እንዲያውም ይህ ሐሳብ ለምን ቀድሞ እንዳልመጣላት ገረማት። ማብሪያውን ለመጻፍ ሃያ ደቂቃ በቃት፤ ሞከረችው፣ ሠራ። ሰባት ሰዓት ሳይሆን እትሙ ዝግጁ ነበር። የቀራት መዝጋቢው ጥያቄ ሥር ሁለት መስመር ጽፎ መዝጋት ነው። ግን ስልኩ አላት፣ ዜናውም ጥሩ ነው፤ እራሷ ልትነግረው ፈለገች። ደስ ሲለው ብትሰማ ለእሷም ትንሽ ይቀላት ነበር።

ሰውየው በጥሞና አዳመጣት። ማብሪያው የት እንደሆነ ጠየቃት። ማስተካከያው ገጽ ላይ፣ መጨረሻው ላይ፤ ምዕራፍ ስድስት ውስጥም እጽፈዋለሁ አለችው።

«ለኔ ጥሩ ነው» አለ። «እኔ አሁን አውቄያለሁ፤ አበራዋለሁ።»

ድምፁ ውስጥ የጠበቀችው ደስታ የለም። «ግን?» አለችው።

«አይ፣ እኔ ምን አውቄ። ሌሎቹን እያሰብኩ ነው። ያን ጊዜ ማብሪያ ቢኖርስ በምን አውቄ እፈልገው ነበር፣ እህቴ? ሁሉ ነገር አረንጓዴ ሆኖ እያየሁ ማብሪያ ፍለጋ ልሄድ ነው?»

ወዲያው ደነገጠ፤ በማያገባኝ ገባሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ እያለ ደጋግሞ አመሰገናትና ዘጋ። አፍራለች። ከሁሉ በላይ ያሳፈራት ሴትዮዋ ሦስት ጊዜ ስትመላለስ «አረንጓዴ ነው» መባሏ፣ መዝጋቢው ሦስት ጊዜ ሲያነብ «ምዕራፍ ስድስት» መባሉ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ መሆኑ ነው። የሁለቱም ጸሐፊ እሷ ናት።

የሌሎቹ ነገር ያን ጊዜ ነው የከነከናት። ሌሎቹ እነማን ናቸው? አርባ አንዱ የወደዱላት ሰዎች ጓዳቸው ውስጥ ምን አለ? የሰው ጓዳ አይታይም። የአንዱን ብቻ ማየት ትችላለች፤ የአውቶቡስ ድርጅቱ ባለፈው ሳምንት ረጅም የምስጋና ደብዳቤ ሲልክላት የሁለት ወሩን የሙከራ መዝገብ አያይዞታል። አልከፈተችውም ነበር። ቅሬታ ሲመጣ እየተናደደችም ቢሆን እስከ መጨረሻው ታነባለች፤ ምስጋና ሲመጣ ደስ ብሏት ትዘጋለች።

ከፈተችው። ጓዳው ውስጥ ዘጠና ሁለት የታለፉ ሥራዎች አሉ። አብዛኛው ተራ ነገር ነው፤ ማስታወቂያ፣ የሠራተኞች መጽሔት፣ የቲኬት ቅናሽ መልእክት። እየተነፈሰች ወረደች። ስልሳኛው አካባቢ ቆመች።

ባሏ ምሳዋን በሰሐን ይዞ ገባና ከጎኗ አስቀመጠው። «ለቀቅሽው?» አላት።

«ገና ነው። ይሄን አንብበው።»

ጎንበስ ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ «የፍሬን ምርመራ ትእዛዝ ለጋራዡ ላክ። አውቶቡስ ቁጥር አሥራ ስምንት። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ አልተሳካም። ታልፏል።» ከሥሩ ቁጥር አርባ፣ አርባ አንድ፣ ስልሳ ሰባት አሉ። ቀኑ የዛሬ አርባ ቀን ነው። ባሏ ቀና አለ። «ታልፏል ሲል፣ ማነው ያለፈው?»

«እኔ ነኝ።»

ባሏ ትከሻዋ ላይ እጁን አሳረፈ። የሰኞው ጉዳይ ምን ሊሆን እንደሚችል ጠየቃት፤ እንጃ አለችው። እሱም ደግሞ አልጠየቃትም። ምሳዋን ወደ እጇ አስጠግቶላት ወደ ኮቱ ተመለሰ።

ማብሪያውን ደመሰሰችው። ከዚያ የአምስት ዓመት ዕድሜ ያለውን መስመር ፈልጋ አንዲት ቃል ለወጠች፤ «እለፍ» የሚለውን አውጥታ «ቁም» የሚል አስገባች። ሥራው ይህን ታህል ነበር። ሶፍትዌሩ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹትን ሙከራዎች ስታስኬድ አሥራ አራቱ ወደቁ። አሥራ አራቱም አረንጓዴ መውጣቱን ለማረጋገጥ ራሷ የጻፈቻቸው ናቸው። አንድ በአንድ እንደ አዲስ ጻፈቻቸው፤ ይህም አንድ ሰዓት ፈጀባት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እትሙ አልወጣም። ምዕራፍ ስድስት እንደ አዲስ መጻፍ ስላለበት እስከ ረቡዕ እንደሚዘገይ ገጹ ላይ አስታወቀች፤ አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ሁለት ሰዎች «ቀልድ ነው?» ብለው ጻፉላት። አልመለሰችላቸውም። የመዝጋቢውን ጥያቄ እንደገና ከፈተች፣ አራተኛውን መልስ አጠፋችና በምትኩ ይህን ጻፈች፦ «አረንጓዴ ማለት አልቋል ማለት መሆን ነበረበት። እስከ ዛሬ ግን እንደዚያ ማለት አልነበረም። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ የእኔ ነው። ከአዲሱ እትም ጀምሮ አንድ ሥራ እንኳን ካልተሠራ ሰልፉ ይቆማል፣ ምልክቱም ቀይ ይሆናል። ማብሪያም ማጥፊያም የለውም።»

ለአውቶቡስ ድርጅቱ ሰው መጻፍ ግን ከበዳት። መጀመሪያ ረጅም ደብዳቤ ጻፈች፤ ምስጋናው ብቻ ግማሽ ገጽ ሆነ። አጠፋችው። ከፊርማው በኋላ ብነግረውስ የሚል ሐሳብ መጣባት፤ ለራሷ አልዋሸችም፣ መጥቶባታል፣ ለጥቂት ጊዜም አብሯት ተቀምጧል። ሰኞ ሦስት ሰዓት ይፈረማል፣ አራት ሰዓት ላይ ትነግረዋለች፤ የሁለት ቀን ልዩነት ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ምን ሊለውጥ እንደሚችል የጠየቀችው ግን ዛሬ ጠዋት ነው። ሦስት መስመር ጻፈች፦ ማብሪያ እንደማይኖር፣ በሙከራው ወቅት ዘጠና ሁለት ሥራዎች ሳይሠሩ አረንጓዴ እንደታየ፣ ዝርዝሩን ለቦርዱ ከመፈረማቸው በፊት ቢያሳይ ጥሩ እንደሆነ። ዝርዝሩን አያይዛ ላከችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ደብዳቤውን መቼ እንደሚያየው አይታወቅም። አውቶቡሶቹ ደግሞ ቅዳሜም መንገድ ላይ ናቸው። ትእዛዙ ሳይደርስ የቀረበት የጋራዡ ስልክ ቁጥር እዚያው የታለፈው መስመር ላይ አለ። የድርጅቱ ሠራተኛ አይደለችም፤ ሰውየውን ሳታማክር ከበላዩ አልፋ ጋራዡ ዘንድ ከደወለች የሰኞው ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች። ስልኩን አነሳችና ቁጥሩን መታች።

ያነሳው መካኒክ ከጀርባው ሞተር እየጮኸ ነው። ማን እንደሆነች ቢጠይቃት ተራ አስከባሪ የሚባለውን ሶፍትዌር የጻፍኩት ነኝ አለችው፤ ሰምቶት አያውቅም። ስለ አራት አውቶቡሶች ፍሬን እንደሆነ ስትነግረው ግን ሞተሩን አጠፋ። ቁጥራቸውን አንድ በአንድ አስጻፈችው።

«ቁጥር አርባ አንድ ትናንት እዚህ ነበር» አለ መካኒኩ። «ለመብራት መጥቶ። የፍሬን ትእዛዝ ስላልነበረው አላየነውም፤ ለቀቅነው።»

«አሁን የት ነው?»

«መስመር ላይ። ማስጠራት እችላለሁ፤ አራቱንም። ግን መዝገቡን ባዶ ትቼ አላስጠራም፤ ማን አዘዘ የሚል ቦታ አለው። ማን ብዬ ልጻፍ?»

የቴክኒክ ኃላፊውን ስም ብትሰጠው ይበቃ ነበር፤ መካኒኩም የጠበቀው እሱን ነው።

«እኔን በል» አለችው። ስሟን ነገረችው፤ ከዚያ ጽፎ እስኪጨርስ እየጠበቀች ስልክ ቁጥሯን ሁለት ጊዜ አስመዘገበችው።